ግድቡን ያቆመች ዓሣ፣ ፈቃዱን የወለደች ቢራቢሮ

በአሜሪካ የሕግ ታሪክ ውስጥ ከሌባ ጣት የማትረዝም አንዲት ዓሣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበትን ግድብ አስቁማለች። ቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግራ ቀኙን ሰምቶ በ6 ለ3 ድምፅ የወሰነው ጉዳይ ነው።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሪል ስቴት አልሚ ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳ በሚኖርበት መሬት ላይ ቤት ልሥራ ካለ፣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱን በር ነው። እንስሳው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ቆጥሮ፣ ማካካሻውን ጽፎ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አሳይቶ ፈቃድ ይጠይቃል። እንግሊዝም የራሷ ተመሳሳይ አሠራር አላት። ይህ ነገር ለብዙዎቻችን ከቢሮክራሲ ዓይነቶች አንዱ ይመስለናል። ወረቀት፣ ማኅተም፣ ክፍያ፣ «ነገ ተመለስ»። ከወረቀቱ ጀርባ ግን የፈረሰ መንደር፣ የተነሣ መቃብር፣ ያሸነፈና የተሸነፈ ክርክር አለ። እስቲ ከሥሩ እንጀምር። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ወንዙና ሰዎቹ

ሊትል ቴኔሲ ከታላቁ የቴኔሲ ወንዝ ገባሮች አንዱ ነው። ሸለቆው ለም ነው። ከነጮቹ ገበሬዎች በፊት የቼሮኪ ሕዝብ አገር ነበር። የቼሮኪዎች ዋና ከተማ ቾታ እዚያ ነበረች፤ የቴኔሲ ክፍለ ግዛት ስሟን ያገኘችባት ታናሲ የምትባለው መንደርም እዚያው ነበረች። የቼሮኪን ፊደል የፈጠረው ሴኮያ የተወለደውም በዚሁ ሸለቆ ነው። ፊደሉን እንደ ቅርስ የሚያይ የእኛ ዓይነት ሕዝብ ይህችን ነጥብ ዝም ብሎ አያልፋትም።

የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የሚባለው የመንግሥት ድርጅት በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ በአካባቢው ግድብ በግድብ ላይ ሲሠራ የኖረ ነው። በ1967 ቴሊኮ የሚባለውን ግድብ ጀመረ። ልብ በሉ፤ ቴሊኮ የራሱ የኃይል ማመንጫ ተርባይን የለውም። ውኃውን በቦይ ወደ ጎረቤት ግድብ የሚያሻግር ነው። ዋናው ምክንያት ተብሎ የቀረበው ሐይቅ ተፈጥሮ መዝናኛ ይሆናል፣ በዳርቻውም አዲስ ከተማና ፋብሪካ ይመጣል የሚል ነበር። ለዚህ ሲባል ወደ 38,000 ኤከር መሬት ተወሰደ። ውኃው የሚሸፍነው ግን ከግማሹ በታች፣ 16,500 ኤከር ገደማ ነው። የቀረው ለ«ልማት» ነው። ከ300 በላይ ቤተሰቦች ከእርሻቸው ተነሡ።

ገበሬዎቹ ተቃወሙ። ቼሮኪዎች የአባቶቻችን መቃብር አይስጠም አሉ። ዓሣ አጥማጆች ወንዛችንን አሉ። ማንም አልሰማቸውም። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ሳይሠራ ነው የተጀመረው ብለው ከሰው ለጥቂት ጊዜ ሥራውን አሳገዱ። መሥሪያ ቤቱ ጥናቱን ጽፎ አመጣ፤ እግዱም ተነሣ። በሕጉ ውስጥ ለገበሬው የተጻፈ መከላከያ አልነበረም። ለመቃብሩም አልነበረም።

የ10 ገጽ የቤት ሥራ

በ1973 ነሐሴ ዴቪድ ኤትኒየር የሚባል የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ምሁር ወንዙ ውስጥ ሲዋኝ አንዲት የማያውቃት ትንሽ ዓሣ ያዘ። ቀንድ አውጣ የምትበላ፣ ጥርት ባለና በሚፈስ ውኃ፣ በጠጠር ላይ የምትኖር ዓሣ ናት። «ስኔይል ዳርተር» ተባለች። ውኃው ሲገደብ መፍሰሱ ያቆማል፤ ጠጠሩን ደለል ይሸፍነዋል፤ ዓሣዋም ታልቃለች።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎችን የሚጠብቀውን ሕግ ፈረሙ። በምክር ቤቶቹ ውስጥ የተቃወመው ሰው ከጣት የሚቆጠር ነው። ያኔ የድጋፍ እጁን ያወጣ ሁሉ በአእምሮው ንስር፣ ተኩላና ድብ ነበር ያሰበው፤ ጣት የምታህል ዓሣ ትመጣብኛለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሕጉ ግን ትልቅና ትንሽ አልለየም። የትኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሠራው ሥራ የተመዘገበን ዝርያ ህልውና አደጋ ላይ እንዳይጥል ከለከለ። ማንኛውም ሰው ደግሞ የተመዘገበን እንስሳ እንዳይገድል፣ እንዳይጎዳ ከለከለ። በቃ። «ካልሆነ በስተቀር» የሚል በር ለልማት አልተተወም።

ሃንክ ሂል የሚባል የሕግ ተማሪ ስለ ዓሣዋ ሰማ። ዚግመንት ፕላተር የተባለውን መምህሩን ይህ ጉዳይ 10 ገጽ ለሚሆን የቤት ሥራ ይበቃል ወይ ብሎ ጠየቀው። በቃ። ከበቃም በላይ ሆነ። ዓሣዋ በ1975 ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ ላይ ሰፈረች፤ ተማሪው፣ መምህሩና ጓደኞቻቸው መንግሥትን ከሰሱ። ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ያሰባሰቡት ቲሸርት እየሸጡ ጭምር ነው።

ክርክሩ በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የመንግሥት ተሟጋች ሆነው የቆሙት የፍትሕ ሚኒስትሩ ግሪፊን ቤል ራሳቸው ናቸው። በትንሽ ጠርሙስ የተቀመጠች ዓሣ ይዘው ገብተው ለዳኞቹ አሳዩ። መልእክቱ ግልጽ ነው። ለዚህች ነው እንዴ ይህ ሁሉ ግድብ የሚቆመው?

ሰኔ 15 ቀን 1978 ፍርዱ ተሰማ። ፕሬዚዳንቱ ዳኛ ዋረን በርገር የጻፉት ውሳኔ ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፤ ሕግ አውጪው ዝርያዎች እንዳይጠፉ የፈለገው ምንም ያህል ዋጋ ቢያስከፍልም ነው፤ ሕጉ ጥበብ የጎደለው ነው ብለን ብናስብ እንኳ ማስተካከል የእኛ ሥራ አይደለም። ግድቡ ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታየት አለበት። ጋዜጦቹ ጉዳዩን «ዓሣ ከግድብ» አድርገው ነው የጻፉት። ለአንባቢ ይጥማል፤ ያስቃል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ገበሬውና ቼሮኪው በገዛ ስማቸው ሲጮኹ የሚሰማቸው ሕግ ስላልነበረ ነው ከዓሣዋ ጀርባ የተሰለፉት። ሰው በዓሣ ተጠለለ። ጋዜጠኝነት ተምሬ እንደወጣሁ ሰው ስለዚህ ዜና ሳስብ የሚከነክነኝ ይኸው ነው። ዓሣዋን ያየ ሁሉ መንደሩን አላየም።

«የእግዜር ኮሚቴ»

ምክር ቤቱ ደነገጠ። የዚያኑ ዓመት ሕጉን አሻሽሎ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋመ። ሚኒስትሮችና ከፍተኛ ባለሥልጣናት፣ ከሚመለከተው ክፍለ ግዛትም አንድ ተወካይ ይቀመጡና የአንድ ፕሮጀክት ጥቅም ከአንድ ዝርያ ህልውና ይበልጣል ካሉ፣ ዝርያው እንዲጠፋ መፍቀድ ይችላሉ። ሕዝቡ ወዲያው «የእግዜር ጓድ» የሚል ስም አወጣላቸው። ማን ይኑር፣ ማን ይጥፋ የሚል ሥልጣን ሌላ ምን ይባላል?

የኮሚቴው የመጀመሪያ ሥራ ቴሊኮ ነበር። ግድቡ 95 በመቶ አልቋል። ኮሚቴው የተፈጠረውም ግድቡን ያሳልፋል ተብሎ ነው። በ1979 ጥር ግን ሰባቱም በአንድ ድምፅ አይሆንም አሉ። ምክንያታቸው ዓሣዋ አልነበረችም። የኢኮኖሚ አማካሪው ቻርልስ ሹልትዝ እንዳስረዱት፣ የቀረችውን 5 በመቶ ለመጨረስ የሚወጣው ወጪ ብቻ እንኳ ከሚገኘው ጥቅም ጋር ሲነጻጸር አያዋጣም። ገበሬዎቹ ከአሥር ዓመት በላይ ሲሉት የነበረው ነገር በመጨረሻ በመንግሥት ኢኮኖሚስት አፍ ተነገረ።

ጋዜጦቹ ይህንን እንደ ዓሣዋ ቀልድ አላራገቡትም።

በ1979 ሰኔ በተወካዮች ምክር ቤት ጥቂት ሰው ብቻ በተቀመጠበት ሰዓት፣ የቴኔሲው ተወካይ ጆን ደንከን ለኃይልና ውኃ በጀት ረቂቅ አንድ ማሻሻያ አስገቡ። ጽሑፉ ይነበብ ያለ አልነበረም። ነገሩ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ማሻሻያው ቴሊኮ ከማንኛውም ሕግ ውጭ ሆኖ እንዲጠናቀቅ የሚያዝ ነበር። በሴኔት በኩል የዚያው ክፍለ ግዛት ሰው ሃዋርድ ቤከር ገፉት። ፕሬዚዳንት ካርተር መስከረም ላይ ፈረሙ። ቼሮኪዎች የመጨረሻ ሙከራ ብለው በሃይማኖት ነጻነታቸው ስም ከሰሱ፤ ተሸነፉ። ኅዳር 29 ቀን 1979 የግድቡ በሮች ተዘጉ። ቾታና ታናሲ ሰጠሙ።

«ልማቱስ?» ካላችሁ፣ ከገበሬው በግዴታ ከተወሰደው መሬት ከፊሉ በኋላ ለሪል ስቴት ኩባንያ ተላልፎ ለጡረተኞች የሚሆን የሐይቅ ዳር መንደር ተሠርቶበታል። ጎልፍ መጫወቻም አለው።

ዓሣዋ ደግሞ አላለቀችም። ወደ ሌላ ወንዝ ተወስዳ ረባች፤ ሌሎች ቦታዎችም ተገኘች። በ2022 ከአደጋ መዝገቡ ወጣች። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ተመራማሪዎች በዘረመል አጥንተው፣ ራሷን የቻለች ዝርያ ሳትሆን የሌላ የታወቀ ዓሣ የምሥራቅ ወገን ናት አሉ። ግድቡን የደገፉ ሰዎች በዚህ መሳቃቸው አይቀርም። ግን ሰባቱ ሰዎች የጻፉት ሒሳብ በዘረመል ጥናት አይቀየርም። ግድቡ ያኔም አያዋጣም ነበር።

የሳን ብሩኖ ቢራቢሮ

ከቴሊኮ በኋላ ሁለት ነገር ግልጽ ሆነ። «በፍጹም አይቻልም» የሚል ሕግ ኃይለኛ ነው፤ ግን ፖለቲከኛ በአንድ ደቂቃ ይገለብጠዋል። ሁለተኛው፣ የእግዜር ኮሚቴ የሚባለው ነገር በየጊዜው የሚጠራ አይደለም። ታዲያ መሐል ላይ ምን ይደረግ?

መልሱ የመጣው ከሌላው የአገሪቱ ዳር ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ደቡብ፣ ከተማ ዙሪያውን የከበበው ሳን ብሩኖ የሚባል ተራራ አለ። «ሚሽን ብሉ» የምትባል፣ ክንፏ ቢዘረጋ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን ሰማያዊ ቢራቢሮ ትኖርበታለች። እንቁላሏን የምትጥለው በሉፒን ላይ ብቻ ነው። ሉፒን ማለት የእኛ የግብጦ ዘመድ ነው። ግብጦ ከሌለ ቢራቢሮ የለም ማለት ነው። በ1976 በአደጋ መዝገቡ ላይ ሰፈረች።

አልሚዎች በተራራው ላይ ትልቅ የመኖሪያ ከተማ ለመሥራት አቅደው ከነዋሪዎች ጋር ለዓመታት ተሟገቱ። በመጨረሻ ብዙው መሬት ፓርክ ይሁን፣ ጥቂቱ ይሠራበት ተብሎ ታረቁ። ዕርቁ ሳይደርቅ ግን ቢራቢሮዋ ሊሠራበት በተተወው መሬት ላይም እንደምትኖር ታወቀ። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው። ቡልዶዘር ገብቶ አንዲት አባጨጓሬ ቢጨፈልቅ ወንጀል ነው። ለግል አልሚ የሚሰጥ ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም።

ያኔ የተለመደው መንገድ ሁለት ነበር። ወይ ክስ፣ ወይ ዝም ብሎ በሌሊት ማረስ። አልሚዎቹ፣ አውራጃው፣ የአካባቢው ከተሞችና ተራራውን እናድን የሚለው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሦስተኛ መንገድ ሞከሩ። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሁለት ዓመት ጥናት ተደረገ። የጥናቱ ሠራተኞች ቢራቢሮዎችን በመረብ እየያዙ፣ ክንፋቸው ላይ በቀለም ምልክት እያደረጉ፣ እየለቀቁ፣ እንደገና እየያዙ ስንት እንደሆኑና የት የት እንደሚበሩ ቆጠሩ። ከዚያ ተስማሙ። ከመኖሪያዋ ከአሥር እጅ ስምንቱን የሚበልጠው ለዘለቄታው ይጠበቃል። የቀረው ይሠራበታል። በተሠራው እያንዳንዱ ቤት ላይ በዓመት 20 ዶላር ያህል ይጣላል፤ በዚያ ገንዘብ ተራራው ይጠበቃል፣ አረም ይነቀላል።

ምክር ቤቱ በ1982 ሕጉን ሲያሻሽል ይህንን ስምምነት እንደ አርአያ ወሰደ። አልሚ ፈቃድ ሊያገኝ የሚችለው እነዚህን ሲያሟላ ነው አለ። ጉዳቱ የሥራው ዓላማ ሳይሆን በሥራው ምክንያት የሚመጣ መሆን አለበት። የሚቻለውን ያህል መቀነስና ማካካስ አለበት። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ዝርያው በሕይወት የመቆየትና የማገገም ዕድሉን በጉልህ መቀነስ የለበትም። የመጀመሪያው ፈቃድ በ1983 መጋቢት ለሳን ብሩኖ ተሰጠ፤ ለ30 ዓመት የሚያገለግል። ሁሉም አልተደሰተም። «ልትጠብቁት የተሾማችሁበትን እንስሳ ለመግደል ፈቃድ ትሰጣላችሁ?» ብለው የከሰሱ ነበሩ። በ1985 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈቃዱን አጸና።

ፈቃዱ ሲበዛ

በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የተሰጡት ፈቃዶች 14 ብቻ ናቸው። ሥራው ረጅም፣ ጥናቱ ውድ ነበር። በክሊንተን ዘመን ግን ነገሩ ተቀየረ። ሕጉ ሙሉ በሙሉ ይሰረዝ የሚሉ ሰዎች ምክር ቤቱን ይይዛሉ የሚል ፍርሃት ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብሩስ ባቢት በ1994 ለአልሚዎች አንድ ትልቅ ማባበያ ሰጡ፤ ስሙ «ድንገተኛ ነገር የለም» ነው። አንዴ የተስማማህበትን እስከፈጸምክ ድረስ፣ ነገ ዝርያው ቢመነምን እንኳ ተጨማሪ መሬት ወይም ገንዘብ አትጠየቅም ማለት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈቃዶቹ በመቶዎች ተቆጠሩ።

ለአልሚው ውሉ ግልጽ ነው። ባንክ ሲበደር፣ ቤት ሲሸጥ ያምንበታል። ለቢራቢሮዋ ግን ሕይወት ሁሉ ድንገተኛ ነገር ነው። ሳን ብሩኖ ራሱ ምስክር ነው። ቤቶቹ ከተሠሩበት መሬት ይልቅ የተጠበቀው መሬት ነው ቀስ በቀስ ያስቸገረው። ከአውሮፓ የመጣ እሾኻማ ቁጥቋጦ ሜዳውን ወረረው። እሳትና ግጦሽ ሲቀር ሣሩን ሌላ ቁጥቋጦ ዋጠው። ሉፒን ደግሞ ፀሐይ የሚያገኝ ሜዳ ይፈልጋል። በቤት 20 ዶላር ያህል ይህንን ሁሉ ለመንቀል አልበቃም። መሬቱን ማጠር አንድ ነገር ነው፤ መንከባከብ ሌላ። የመጀመሪያው አንዴ ይፈረማል፤ ሁለተኛው በየዓመቱ ወገብ ይቆርጣል።

እንግሊዝ ውስጥ ክርክሩ ስለ አንዲት የኩሬ እንስሳ ነው። እንሽላሊት የምትመስል፣ ወንዱ ጀርባው ላይ ጉትያ ያለው። አልሚ እርሷ ካለችበት ኩሬ አጠገብ ሊቆፍር ሲል አጥር አጥሮ፣ ባልዲ ቀብሮ አንድ በአንድ ለቅሞ ማዛወር ነበረበት። ከ2010ሮቹ መጨረሻ ጀምሮ ሌላ መንገድ ተከፈተ። አልሚው ገንዘቡን ይከፍላል፤ በዚያ ገንዘብ ሌላ ቦታ አዳዲስ ኩሬዎች ይቆፈራሉ። ይህም ሆኖ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በ2020 ሰኔ ለአገሪቱ ግንባታ መጓተት የዚህችን እንስሳ ቆጠራ ተጠያቂ አደረጉ። ከጠርሙሷ ዓሣ እስከ ኩሬዋ እንስሳ ቀልዱ አንድ ነው። ትንሽ እንስሳ አሳዩና ሳቁ፤ ሒሳቡን ማንም አይጠይቃችሁም።

እኛስ?

የእኛ አገር ሕግ ለልማት ፈቃድ ሰጪው ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ መጽደቁን እንዲያረጋግጥ ያዛል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ነው። አዋጁ በሥራ ላይ ከዋለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2007፣ ለዝሆኖች ተብሎ በተከለለው በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ውስጥ ጭምር መሬት ለአንድ የጀርመን ኩባንያ ለጉሎ እርሻ ተሰጠ። ከጉሎው ነዳጅ ሊወጣ። ዝሆን ከቢራቢሮ ይበልጣል፤ ለማየትም መረብ አያስፈልገውም። ግን አልታየም።

ሌላም ነገር አለ። አንድ የደጋ አጋዘን በሕጋዊ አደን ለመግደል የሚመጣ አዳኝ በስሙ ፈቃድ ያወጣል፤ ለእንስሳው ይከፍላል፤ አብሮት የሚሄድ ተቆጣጣሪም ይመደባል። አንዲቷ አጋዘን ተቆጥራለች ማለት ነው። ጫካዋን የሚመነጥር ፕሮጀክት ግን በእርሷ ስም የተጻፈ ወረቀት የለውም፤ በጠቅላላው ጥናት ውስጥ አንድ አንቀጽ ትሆናለች። ጥይት ይቆጠራል፤ ዶዘር አይቆጠርም።

የፈቃዱ ታሪክ ለእኔ የሚለኝ ይህንን ነው። ፈቃድ በራሱ ዳቦም ድንጋይም አይደለም። ሳን ብሩኖ ላይ ዋጋ ያገኘው ከጀርባው ቴሊኮን ያቆመው ዓይነት «አይሆንም» ስለነበረ ነው። አልሚው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ካልተቀመጠ እንደማይሠራ ስላወቀ ነው። «አይሆንም» ማለት የማይችል መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ፈቃድ ደረሰኝ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ማን ይቀመጥ የሚለው አለ። ሳን ብሩኖ ላይ ነዋሪው ተቀምጧል። ሊትል ቴኔሲ ላይ አልተቀመጠም፤ ስለዚህ ዓሣ መላክ ነበረበት። የሚቀጥለው ግድብ፣ የሚቀጥለው እርሻ፣ የሚቀጥለው ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ወረቀቱን አንሥተን ሁለት ነገር እንጠይቅ። የተቆጠረው ማን ነው? ያልተጠየቀውስ?